የመረብ ዝግታና የምርመራው ሥርዓት በቆዩ የዩኒክስ ኮምፒዩተሮች

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1986 በካሊፎርኒያ በሚገኙት በሎረንስ በርክሊ ላቦራቶሪና በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ መካከል ይተላለፍ የነበረው የኮምፒዩተር መልእክት በድንገት እጅግ ዝግ አለ። ሁለቱ ተቋማት የሚራራቁት በ400 ያርድ፣ ይኸውም ከ370 ሜትር በማይበልጥ መንገድ ነው። በመካከላቸውም የነበሩት መልእክት አቀባባይ ማሽኖች ሁለት ብቻ ነበሩ። በደኅናው ጊዜ በሴኮንድ 32,000 ቢት ያህል ያሳልፍ የነበረው መስመር በዚያ ወቅት ወደ 40 ቢት ወረደ። የዚህን መጠን ትርጉም በምሳሌ መረዳት ይቻላል። 2,000 ፊደላት ያሉት አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ እያንዳንዱ ፊደል 8 ቢት ቢይዝ፣ በቀድሞው ፍጥነት ግማሽ ሴኮንድ ሲፈጅ በአዲሱ ሁኔታ 400 ሴኮንድ ወይም ከስድስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል። ወረቀቱን በእጁ ይዞ በእግሩ የሚሄድ ተላላኪ ከኮምፒዩተሩ ቀድሞ ይደርስ ነበር ማለት ነው።

በመስመሩ ላይ የደረሰ ብልሽት አልነበረም። ሽቦው አልተቆረጠም፣ ማሽኖቹም አልተሰበሩም። በላቦራቶሪው ይሠሩ የነበሩት ቫን ጃኮብሰንና በዩኒቨርሲቲው የበርክሊ ዩኒክስን ከሚያዘጋጁት ባለሙያዎች አንዱ የነበሩት ማይክል ካረልስ ጉዳዩን ሲመረምሩ ያቀረቡት ጥያቄ ቀጥተኛ ነበር። ይኸውም 4.3 ቢ.ኤስ.ዲ. የተባለው የዩኒክስ ዕትም የያዘው የመልእክት ማስተላለፊያ ሥርዓት በራሱ የተሳሳተ ነገር ይሠራል ወይስ አይሠራም? ሁኔታው በከፋ ጊዜስ ከዚህ በተሻለ እንዲሠራ ሊደረግ ይችላልን? የሚል ነበር። የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ አዎንታዊ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1988 ታትሞ ለሙያው ዓለም ቀረበ።

ይህ ታሪክ ዛሬም የሚጠቀስበት ምክንያት አለ። በአያሌ መሥሪያ ቤቶች፣ ቤተ መጻሕፍትና የትምህርት ተቋማት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ የዩኒክስ ኮምፒዩተሮች የተማሪዎችን መዝገብ፣ የመጻሕፍት ካታሎግን ወይም የሒሳብ ሰነዶችን ይዘው ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ዝግ ባለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ ሰፋ ያለ መስመር መግዛት ወይም ማሽኑን አስወግዶ ሌላ መተካት ነው። ሁለቱም ገንዘብ ያስወጣሉ፤ መንስኤው ሌላ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ አንዳቸውም ዝግታውን አያስወግዱም። የበርክሊው መስመር ሰፍቶ ቢሆን ኖሮ የላኪዎቹ ጠባይ ሳይለወጥ ይቀርና ድቀቱ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይዘገይ ነበር።

የድቀቱ ምሥጢር

በመረብ፣ በተለምዶ ኔትወርክ በሚባለው፣ የሚጓዝ መልእክት ፓኬት ወደሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ይከፋፈላል። ቲ.ሲ.ፒ. በሚባለው የማስተላለፊያ ደንብ መሠረት ተቀባዩ ለደረሰው ጥቅል ደረሰኝ ይልካል፤ ላኪው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ደረሰኝ ካልመጣለት ጥቅሉ ጠፍቷል ብሎ እንደ ገና ይልከዋል። ደንቡ በራሱ መልካም ነው። ችግሩ ያለው «የተወሰነ ጊዜ» በተባለው ላይ ነው።

መንገዱ ሲጨናነቅ ጥቅሎቹ በአቀባባዩ ማሽን ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ፤ ደረሰኙም ይዘገያል። ቀድሞ የነበረው ሥርዓት የጥበቃውን ልክ የሚያሰላው የመመላለሻውን ጊዜ አማካይ በሁለት በማባዛት ስለ ነበር፣ የመስመሩ ሸክም ከ30 በመቶ ያህል ሲያልፍ የሚከሰተውን ከፍተኛ የመመላለሻ መለዋወጥ ሊከተል አይችልም። ስለዚህ ላኪው ያልጠፋውን ጥቅል ጠፋ ብሎ ደግሞ ይልካል። ያ ሁለተኛ ቅጂ በተጨናነቀው ሰልፍ ላይ ሌላ ሸክም ይሆናል፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ ደረሰኙ ይበልጥ ይዘገያል፤ ሦስተኛ ቅጂ ይላካል። በዚህ አኳኋን መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሆኖ ሳለ የሚያጓጉዘው በአብዛኛው ቀድሞ የደረሰውን ዕቃ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት በአጀማመር ላይ ነበር። ግንኙነት እንደ ተከፈተ ላኪው ተቀባዩ የፈቀደለትን ያህል ጥቅል በአንድ ጊዜ ይለቅቅ ነበር። በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቢት በሚያሳልፍ የውስጥ መረብ ላይ የተለቀቀው ጎርፍ በጥቂት አሥር ሺህ ቢት ብቻ ወደሚያሳልፍ የውጭ መስመር ሲደርስ አቀባባዩ ማሽን የሚያቆይበት ቦታ ስለሚያጥረው ይጥለዋል። ጃኮብሰንና ካረልስ ባሳተሙት ጥናት ላይ የቀረበ አንድ መዝገብ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ230,400 ቢት የማይክሮዌቭ መስመር በተገናኙ ሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል በተደረገ መላላክ ከመስመሩ አቅም 35 በመቶው ብቻ ለቁም ነገር ዋለ፤ ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ጥቅል ቢያንስ አንድ ጊዜ ተደግሞ ተላከ፤ ከመልእክቱም አንድ ክፍል አምስት ጊዜ ተልኮ ተገኘ።

የተገኘው መፍትሔ የላኪውን ጠባይ መለወጥ ነበር። ላኪው በአንድ ጥቅል ይጀምራል፤ ደረሰኝ ሲመጣለት ሁለት ይልካል፤ ቀጥሎ አራት፣ ስምንት እያለ በእያንዳንዱ መመላለስ እጥፍ ያደርጋል። ጥቅል የጠፋበት እንደ ሆነ መንገዱ መጨናነቁን ተረድቶ መጠኑን በግማሽ ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ መመላለስ አንድ ጥቅል ብቻ እየጨመረ በጥንቃቄ ይቀጥላል። የጥበቃውም ጊዜ በአማካዩ ብቻ ሳይሆን በመለዋወጡም መጠን እንዲሰላ ተደረገ። ከላይ በተጠቀሰው መስመር ላይ ይኸው ሲሞከር በድግግሞሽ የባከነ አቅም አልነበረም፤ ፍሬያማው ፍጥነትም ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። እነዚህ ማሻሻያዎች እ.ኤ.አ. በ1988 «ታሆ» በተባለው የበርክሊ ዩኒክስ ዕትም ውስጥ ገብተው ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ሥርዓቶች ተስፋፉ። በመሆኑም አንድ አሮጌ ማሽን ሲመረመር የሚያስኬደው ዕትም ከዚያ በፊት የወጣ ወይም በኋላ የወጣ መሆኑን ማወቅ የመጀመሪያው ቁም ነገር ነው። ከዚያ በፊት የወጣ ከሆነ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ራሱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቶቹንም ይጎዳል።

«ዝግ አለ» ማለት ምን ማለት ነው?

ተጠቃሚው ወደ ባለሙያው ሄዶ «ኮምፒዩተሩ ዝግ አለ» ሲል አንድ ቃል ቢናገርም ጉዳዩ አራት ወይም አምስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። ግንኙነቱ እስኪከፈት ድረስ የሚያስጠብቅ፣ ከተከፈተ በኋላ ግን ፈጣን የሆነ አለ። ፊደል በፊደል ሲጻፍ የሚንቀራፈፍ አለ። ትንሹን ፋይል ወዲያው አድርሶ ትልቁን ለሰዓታት የሚያጉላላ አለ። ጠዋት ደኅና ሆኖ ከቀትር በኋላ የሚደክም አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ እነዚህ ምልክቶች ተለይተው ካልተነገሩ ምርመራው በግምት ይጀመራል። በግምት የጀመረ ባለሙያ ደግሞ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጦ ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንደ ፈወሰው አያውቅም።

ከሁሉ አስቀድሞ መዘግየትንና የመጠን ማነስን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አንድ ጥቅል ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚያልፈው የቢት ብዛት ነው። መዘግየትን ለመለካት እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ ማይክ ሙስ የተባሉት አሜሪካዊ የጻፉት ፒንግ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ይበቃል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ባለ መረብ ላይ መልሱ በጥቂት ሺሕኛ ሴኮንድ መምጣት አለበት፤ ከመቶ ጥቅል አንዱም መጥፋት የለበትም። መጠንን ለመለካት ግን ፒንግ አይበቃም። ፋይል በማስተላለፊያው ፕሮግራም አንድ ትልቅ ፋይል መላክና ሰዓቱን መያዝ ይገባል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያሻል። አንደኛ፣ ተቀባዩ ፋይሉን በዲስክ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ዩኒክስ ለመጣያ ወዳዘጋጀው ባዶ መሣሪያ እንዲጥለው ቢደረግ፣ ላኪውም ፋይሉን ቀደም ብሎ አንብቦ በማስታወሻው ይዞት ቢሆን፣ የዲስኩ ዝግታ በመረቡ ላይ አይሳበብም። ሁለተኛ፣ ልኬቱ ወደ ማሽኑም ከማሽኑም በየተራ መደረግ አለበት። በአንዱ አቅጣጫ ፈጣን፣ በሌላው ደካማ ሆኖ ከተገኘ ምርመራው ገና ሳይጀመር ግማሹ ተፈጽሟል።

ሌላው አስፈላጊ መሣሪያ ኔትስታት ነው። ይህ ፕሮግራም ማሽኑ ከተነሣበት ሰዓት ጀምሮ ስንት ጥቅል እንደ ገባ፣ ስንት እንደ ወጣ፣ ስንቱ የተበላሸ እንደ ነበር፣ ስንት ግጭት እንደ ደረሰ፣ እንዲሁም ቲ.ሲ.ፒ. ስንቱን ደግሞ እንደ ላከ ይዘረዝራል። ቁጥሮቹ የተደማመሩ ስለ ሆኑ አንድ ጊዜ ብቻ ማየታቸው ያሳስታል፤ ከሦስት ወር በፊት በተነቀለ ገመድ ምክንያት የተመዘገበ ስሕተት ዛሬም እዚያው ተቀምጦ ይታያልና። ቁጥሩን መዝግቦ፣ የፋይል ማስተላለፉን ሙከራ አድርጎ፣ እንደ ገና መዝግቦ ልዩነቱን መውሰድ ትክክለኛው አሠራር ነው።

በገመዱ ጫፍ ላይ ያለ አለመግባባት

የስሕተቱ ቁጥር በሙከራው ጊዜ እያደገ ከሄደ ትኩረቱ ወደ ገመዱና ወደ መገናኛው ይዞራል። የላላ ማያያዣና የተጎዳ ገመድ የታወቁ ናቸው፤ ለመለወጥም ቀላል ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ባለሙያን የሚያታልለው ግን በማሽኑና በመረብ ማከፋፈያው መካከል የሚፈጠረው የአነጋገር ልዩነት ነው።

በመረብ ገመድ ላይ ሁለት የአነጋገር ልማዶች አሉ። በአንደኛው አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል፤ በሁለተኛው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ቢት የሚያሳልፈው ኤተርኔት ደንብ ሲወጣ ሁለቱ ጫፎች በራሳቸው ተነጋግረው የሚስማሙበት ዘዴ አብሮ ተደነገገ። የቆዩት ማሽኖች ግን ብዙውን ጊዜ በእጅ «ሁለቱም ይናገሩ» ተብለው የተወሰኑ ናቸው። ከዓመታት በኋላ ማከፋፈያው በአዲስ ተተክቶ በራሱ እንዲስማማ ሲተው፣ ከአሮጌው ማሽን ምንም የድርድር ምልክት ስለማይደርሰው ደንቡ እንደሚያዝዘው «በየተራ» የሚለውን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ በፈለገው ጊዜ ይናገራል፤ ማከፋፈያው ደግሞ ይህን እንደ ግጭት ቆጥሮ ንግግሩን ያቋርጣል።

ይህ ብልሽት ተንኰለኛ ነው፤ ፒንግ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ስለሚልክ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ የሚናገሩበት አጋጣሚ እምብዛም አይፈጠርምና ሁሉም ነገር ደኅና መስሎ ይታያል። ትልቅ ፋይል ሲላክ ግን ጥቅሉ በአንድ ወገን፣ ደረሰኙ በሌላ ወገን ይገናኙና ይጋጫሉ። በየተራ የሚናገረው ጫፍ ዘግይቶ የደረሰ ግጭት ይመዘግባል፤ ሁለተኛው ጫፍ የተቆራረጡና የተበላሹ ጥቅሎችን ይቆጥራል። መድኃኒቱ ሁለቱንም ጫፍ አንድ ዓይነት ማድረግ ብቻ ሲሆን ዋጋ የማይጠይቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ለዚህ ሲባል አዲስ ማሽን የተገዛባቸው ቦታዎች እንዳይኖሩ ተስፋ ማድረግ ይገባል።

ለመግባት የሚያስጠብቅ በር

ተጠቃሚው ግንኙነት ሲጠይቅ ግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ ከገባ በኋላ ግን ሥራው እንደ ወትሮው ፈጣን ከሆነ ገመዱን መመርመር አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ማሽን የሚያንኳኳውን ሰው ስም እየጠየቀ ነው። ብዙ የዩኒክስ አገልግሎቶች እንግዳ ሲመጣ ከቁጥራዊው አድራሻ ተነሥተው ስሙን ከስም መዝጋቢው ኮምፒዩተር ይጠይቃሉ። መዝጋቢው ከሁለት ዓመት በፊት ተነሥቶ ከሆነና አድራሻው ብቻ በማሽኑ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ ማሽኑ ለሌለ ሰው ጥያቄ ልኮ ይጠብቃል፤ ጥቂት ሴኮንድ ቆይቶ ይደግማል፤ ከዚያም ተስፋ ቆርጦ በሩን ይከፍታል። መዝገቡን ከፍቶ የሞተውን አድራሻ በሕያው መተካት ይበቃል። ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ የአንዱን ተጠቃሚ ኮምፒዩተር ስምና አድራሻ በማሽኑ በራሱ የስም ዝርዝር ውስጥ ጽፎ፣ ማሽኑም ያን ዝርዝር አስቀድሞ እንዲመለከት አድርጎ፣ ያ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ፈጥኖ ይገባ እንደ ሆነ ማየት ይቻላል።

አራት አህያ ያለው ነጋዴ

ገመዱ ንጹሕ፣ የስሙም መዝገብ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ለቅርብ ሰው ፈጣን፣ ለሩቅ ሰው ዝግ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህ በተለይ የሳተላይት መስመር ለሚጠቀሙ አገሮች ትልቅ ቁም ነገር ነው። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር ወደ ውጭው ዓለም የሚያደርሰው መንገድ በሳተላይት በኩል ነበር፤ የምድር ገመድ በማይደርስባቸው ሥፍራዎችም ሳተላይት ለረጅም ጊዜ ዋና መገናኛ ሆኖ ቆይቷል።

ከምድር ጋር እኩል የሚዞረው ሳተላይት ያለው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ጥቅሉ ወጥቶ ይወርዳል፤ ደረሰኙም እንዲሁ ወጥቶ ይወርዳል። ጠቅላላው ጉዞ ቢያንስ 144,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ብልሃት የለም።

ቀጥሎ የማሽኑን ባሕርይ መመልከት ያስፈልጋል። ላኪው ደረሰኝ ሳይቀበል ሊልክ የሚችለው መጠን በማቆያው ስፋት የተወሰነ ነው፤ ይህም መስኮት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው 4.2 ቢ.ኤስ.ዲ. ማቆያው በልማድ 2,048 ባይት ነበር፤ በ4.3 ቢ.ኤስ.ዲ. ወደ 4,096 ባይት ከፍ አለ፤ ከእነርሱ የተወለዱ በርካታ የንግድ ዩኒክሶችም ይህንኑ መጠን ይዘው ለዓመታት ቆዩ። እንግዲህ 4,096 ባይት ማለት 32,768 ቢት ነው። በሕንፃው ውስጥ ደረሰኙ በ2 ሺሕኛ ሴኮንድ ከተመለሰ ማሽኑ በሴኮንድ 16 ሚሊዮን ቢት ሊልክ ይችላል፤ ይህም ከቀድሞው ኤተርኔት አቅም በላይ ስለ ሆነ ጉድለቱ አይታወቅም። በሳተላይቱ ላይ ግን ያንኑ 32,768 ቢት በየግማሽ ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚልክ በሴኮንድ ከ65,000 ቢት ብዙም አያልፍም። መስመሩ 128,000 ቢት ቢሆን ግማሹ፣ 2 ሚሊዮን ቢት ቢሆን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሥራ ፈትቶ ይውላል።

አራት አህያ ያለው ነጋዴ ጨው ከሩቅ አገር ሊያመጣ ቢነሣ፣ መንገዱ አሥር ጊዜ ቢሰፋለት የሚያመጣው ጨው አይጨምርም። አህዮቹ ደርሰው እስኪመለሱ ሌላ የሚጭንበት የለውም። መስመሩን ለማስፋት ገንዘብ ያወጣ መሥሪያ ቤት በአንድ ግንኙነት የሚተላለፈው ፋይል አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳያጥር ሲያየው የሚደነግጠው ይህን ስሌት አስቀድሞ ባለመሥራቱ ነው። እርግጥ ነው፣ አያሌ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ከሆነ እያንዳንዱ የየራሱን አህዮች ስለሚያሰማራ ሰፊው መንገድ ይጠቅማል፤ ነጠላው ትልቅ ፋይል ግን እንደ ቀድሞው ይቀራል።

የመስኮቱን መጠን ማሳደግ በብዙ ዩኒክሶች ላይ ይቻላል፤ በአንዳንዱ በትእዛዝ፣ በሌላው የሥርዓቱን እምብርት እንደ ገና በማጠናቀር ነው። ነገር ግን በላኪው በኩል የመላኪያው፣ በተቀባዩ በኩል የመቀበያው ማቆያ ሁለቱም መስፋት አለባቸው፤ ጠባቡ ወገን ሰፊውን ያስረዋልና። ከዚህ በላይ ወሰን አለ። በቲ.ሲ.ፒ. ጥቅል ራስጌ ላይ የመስኮቱ መጠን የሚጻፍበት ቦታ 16 ቢት ብቻ ስለ ሆነ ከ65,535 ባይት በላይ መጻፍ አይቻልም። በሳተላይት ላይ ይህ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ቢት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን ወሰን የሚያልፍ ተጨማሪ ደንብ ወጥቷል፤ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ማሽን ግን አያውቀውም። ማሳደጉም በልክ ይሁን። 100 ግንኙነቶች በሁለቱም አቅጣጫ 65,536 ባይት ማቆያ ቢሞሉ ከ13 ሚሊዮን ባይት በላይ ማስታወሻ ይወስዳሉ፤ 16 ሚሊዮን ባይት ማስታወሻ ባለው አሮጌ ማሽን ላይ ይህ ቀሪውን ሥራ ማፈን ይሆናል።

ሁለት ብልሆች ሲጠባበቁ

አንዳንድ ጊዜ ገመዱም፣ መስመሩም፣ የማሽኑም አንጎል ሥራ ፈትተው እያሉ ሥራው ይንፏቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1984 ጆን ኔግል የተባሉት መሐንዲስ፣ አንድ ፊደል ሲላክ 40 ባይት ራስጌ ተጨምሮበት 41 ባይት እንደሚጓዝ አስተውለው፣ የተላከው ጥቅል ደረሰኝ እስኪመጣ ድረስ ትንንሾቹ መልእክቶች እንዲጠራቀሙ የሚያደርግ ደንብ አቀረቡ። በጨናናው ዘመን ትልቅ እፎይታ ሰጠ። በሌላ ወገን ደግሞ የበርክሊ ዩኒክስ ተቀባዩ ደረሰኙን ባዶውን ከመላክ ይልቅ ከሚመልሰው መልእክት ጋር አብሮ እንዲልከው እስከ 200 ሺሕኛ ሴኮንድ እንዲያዘገይ አደረገ። ይህም በራሱ ብልህ ነው።

ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንድ ፕሮግራም ጥያቄውን ለሁለት ከፍሎ በትንንሹ ከጻፈው፣ ላኪው ሁለተኛውን ክፍል ለመልቀቅ ደረሰኝ ይጠብቃል፤ ተቀባዩ ደረሰኝ ለመስጠት ሁለተኛውን ክፍል ይጠብቃል። 200 ሺሕኛው ሴኮንድ ሲያልቅ ብቻ ጉዞው ይቀጥላል። እንዲህ ባለ ፕሮግራም 1,000 የተማሪ መዝገቦች አንድ በአንድ ቢጠየቁ ከሦስት ደቂቃ በላይ በባዶ ይጠፋል። የዚህ ልዩ ምልክቱ ሥራው በሴኮንድ አምስት ብቻ ሆኖ መጽናቱ ነው፤ ተጠቃሚ ቢበዛም ባይበዛም፣ ቀንም ሆነ ሌሊት አይለወጥም። መፍትሔው ፕሮግራሙ ጥያቄውን በአንድ ጊዜ እንዲጽፍ ማረም ነው። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ካልተገኘ ግን ባለሙያው ብዙ አማራጭ የለውም።

የጋራ ፋይሎችን በመረብ የሚያካፍለው ኤን.ኤፍ.ኤስ. የተባለው አገልግሎትም የራሱ ድክመት አለው። በቀድሞው ልማድ በአንድ ጥያቄ 8,192 ባይት ይልካል፤ ይህም በኤተርኔት ላይ ስድስት ቁራጭ ይሆናል። ከስድስቱ አንዱ ቢጠፋ ስድስቱም እንደ ገና ይላካሉ። ከመቶ አንድ ጥቅል በሚጠፋበት መስመር ላይ ከመቶ ጥያቄዎች ስድስት ያህሉ ይከሽፋሉ ማለት ነው። የጥያቄውን መጠን ወደ 1,024 ባይት ዝቅ ማድረግ በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፍጥነት ይጨምራል፤ በንጹሕ መስመር ላይ ግን ይቀንሳል።

ማሽኑ የማይነካ ሲሆን

የሥርዓቱ እምብርት ሊታደስ የማይችልበት፣ ሻጩም ድጋፉን ካቆመ የቆየበት፣ በውስጡ ያለው መዝገብ ግን ወደ ሌላ ያልተዛወረበት ሁኔታ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በዚህ ጊዜ አሮጌውን ማሽን እንዳለ ትቶ ከጎኑ አዲስ አቀባባይ ኮምፒዩተር ማቆም ይቻላል። የሩቁ ተጠቃሚ ግንኙነቱን ከአቀባባዩ ጋር ያደርጋል፤ አቀባባዩ ደግሞ ሌላ የራሱን ግንኙነት ከአሮጌው ጋር ይከፍታል። አራቱ አህዮች የሕንፃውን አጭር መንገድ በ2 ሺሕኛ ሴኮንድ ይመላለሳሉ፤ ሰፊ መስኮት ያለው አዲሱ ማሽን ረጅሙን መንገድ ይሸፍናል። አሮጌው ማሽን የይለፍ ቃልን ሳይሰውር የሚልክ እንደ ሆነም ይህ ግልጽ ንግግር ከሕንፃው ሳይወጣ ይቀራል።

አቀባባዩ ግን ጥቅሎችን ብቻ የሚያሳልፍ ራውተር ሳይሆን ግንኙነቱን በራሱ የሚቀበልና ሌላ የሚከፍት መሆን አለበት፤ አለዚያ ደረሰኙ አሁንም ከሩቅ ስለሚመጣ ምንም አይለወጥም። ከመትከሉ በፊትና በኋላ ያንኑ አንድ ፋይል፣ በዚያው የቀን ሰዓት፣ ከዚያው የሩቅ ጣቢያ ልኮ ሁለቱን ቁጥሮች በማሽኑ የሥራ መዝገብ ላይ ከነቀኑ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ባለሙያ «ዝግ አለ» የሚል አቤቱታ ሲደርሰው የሚያነጻጽርበት እርሱን ነውና።